ጭሱን አሽትቺልኝ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ኮብልስቶኑም ሳይጀምር፣ በመሃል ባለው ጭቃ፣
የጋሽ ቱፋ ጋራዥ አለ፤ በር የለው፣ አጥር የለው፣
አንድ ኮንቴይነር፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ባሕር ዛፍ ነው ያለው።

ቪትዜን የወሰድኳት ሦስት መካኒክ ከበላኝ በኋላ ነው፤
አንዱ «ካንዴላ ነው» አለኝ፤ አንዱ «ፓምፑ ደካማ ነው»፤
ሦስተኛው ምንም ሳይለኝ ዝም ብሎ ገንዘቤን ቆጠረው።
ዳሽቦርዱ ላይ ግን ያቺ ቢጫ፣ ሞተር የምትመስል መብራት
እንደ አበዳሪ ጎረቤት በየማለዳው አገኛት፤
ነዳጅ ትጠጣለች ደግሞ፤ ከሰሚት ቃሊቲ ደርሼ
ስመለስ መርፌዋ ወድቃ፣ የቀን ገቢዬን አፍስሼ።

ጋሽ ቱፋ ድሮ፣ ይላሉ፣ መፍቻም ሳይነካ በፊት፣
ከጭስ ማውጫው ኋላ ቁጢጥ፣ ዓይን ጨፍኖ ማሽተት፤
«ነዳጅ በዝቷል»፤ «አየር ይስባል»፤ «ዘይት ይበላል፣ ቀለበት»፤
ሲፈቱት ልክ እንዳለው። (ሲኖትራኮች ከሌሊት ነበር ሰልፍ የሚይዙለት።)

ከዚያ አንድ ክረምት ታመመ፤ ትኩሳቱ ሲለቀው
አፍንጫው አብሮ ሄደ። ወጥ እሳት ላይ ሲያርር አላወቀው።
በርበሬም፣ ቤንዚንም፣ ዝናብ የመታው አፈርም አንድ ሆኑበት፤
ስድስት ዓመቱ ነው። ማንም ደፍሮ አያነሣበት።

አሁን ያለችው ሲፈን ናት፤ የእህቱ ልጅ፤ ቴክኒክና ሙያ ጨርሳ
መልቲሜትር በኪሷ ይዛ የመጣች፣ የወንድሟን ቱታ ለብሳ።

ስልኳን ከመኪናዬ ጋር አጋባች፤ ኮዱ ወጣ።
«ኦክስጅን ሴንሰር» አለች። እኔ፦ «በቃ፣ አዲስ ይምጣ።»
«ቆይ። ኮድ ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም ገና።
ምስክሩ ‹አየር በዝቷል› ይላል፤ ኮምፒውተሩ ያምነውና
ነዳጅ ይጨምራል፤ ‹አየር በዝቷል› ይላል፤ አሁንም ይጨምራል፤
አንተ ትከፍላለህ። እሺ፤ ግን እውነቱን ከሆነስ? ማን ያውቃል?
ጭስ ማውጫው ቀዳዳ ካለው፣ የውጭ አየር ከሳበ፣
ምስክሩ ተሰቀለ፣ ሌባው ደግሞ ጠገበ።»

ተንበረከከች። ኋላውን በጨርቅ ወትፋ፣
መጋጠሚያውን ሁሉ ኦሞ በጥብጣ ቀባች፤ አረፋ
ቢነሣ ብላ ጠበቀች። ምንም። ኦሞው እዚያው ደረቀ።
ጥቁሩን ሽቦ በመርፌ ወጋች፤ ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ አንድ ላይ ተጣበቀ።

«ጤነኛው የተኛ ሕፃን ደረት ነው፤ ሲነሣ፣ ሲመለስ፣
ከዜሮ ነጥብ አንድ ተነሥቶ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ሲደርስ።»

የካርቡራተር ማጽጃ በጉሮሮዋ ነፋችባት፤
ቪትዜ ሳል ሳል አላት፣ ተርገፈገፈች፣ ልትጠፋ ጥቂት ቀራት፤
ከኋላ ጥቁር ጭስ ተግተለተለ። ቁጥሩ? ዜሮ ነጥብ አንድ።
በቤንዚን ባሕር ተነክሮ «አየር በዝቷል» ይላል፤ ጉድ።

«ሞቷል» አለች ሲፈን።

ያኔ ጋሽ ቱፋ ከኮንቴይነሩ ወጣ፤ ምን እንደጠራው አላውቅም።
ከጭሱ ኋላ ቁጢጥ አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሳበ፤
ፊቱ አልተቋጠረም፣ አልተፈታም።
«ሲፈን፣ ጭሱን አሽትቺልኝ። ምን ምን ይላል?»
«የበሰበሰ እንቁላል» አለች፤ «ክብሪት ሲጠፋ የሚተወው፤
ሥሩ ደግሞ ቤንዚን፤ ጣፋጭ፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው።»
እሱ በእያንዳንዱ ቃል ራሱን ነቀነቀ፣
ስም እንደሚጠሩለት ሰው፤ የዘመድ ስም፣ የጠፋ፣ የራቀ።

በሃያ ሁለት ቁጥር መፍቻ ፈታችው፤ ጥላሸት የጠገበ ነው።
«አልዋሸም እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ በመዳፉ አገላብጦ እያየው፤
«መጨረሻ የሸተተውን ነው የያዘው።»

የሱን መጨረሻ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።
አሮጌውን አልጣለውም፤ በሸሚዙ ኪስ፣ ከእስክሪብቶው ጎን ሲሰካው አየሁት።

በማግስቱ ከሶማሌ ተራ አዲሱ መጣ፤ ቢጫዋ መብራት ጠፋች።
(ቅናሽ ለመንኩ። ሲፈን እንቢ አለች።)
አቃቂ ድልድይ ላይ መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ
የተቃጠለ ጎማ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ የረጠበ ድርቆሽ መታኝ።
ሌላ ጊዜ ቶሎ ነበር የምዘጋው።